ከአርባ ሥር ሁለት መቶ ቃል፦ የኤልፎች ቋንቋ መዝገበ ቃላት አሠራር

ለልብ ወለዱ የኤልፎች (በአውሮፓ ተረት ያሉ ሰው መሰል ፍጡራን) ቋንቋ የሚፈጥር ሰው ብዙውን ጊዜ ከቃል ይጀምራል። ለ«ዛፍ» ደስ የሚል ድምፅ ይፈልጋል፣ ከዚያ ለ«ወንዝ»፣ ከዚያ ለ«ንጉሥ»። ሠላሳኛው ቃል ላይ ሲደርስ ቃላቱ አይዛመዱም፣ እሱም ይደክመዋል። መፈጠር ያለበት ሥር ነው። አማርኛ ተናጋሪ ደግሞ ለዚህ ሩቅ መሄድ የለበትም፤ ከሰ-በ-ረ ሰባሪ፣ ስብራት፣ ስባሪ፣ መስበሪያ፣ ስብርብር ሲወጣ እየሰማ ነው ያደገው።

ከድምፅ ጀምሩ። የፊደል ገበታ ዘርጉና አሥራ ሁለት ተነባቢ ብቻ ምረጡ፤ ለዚህ ምሳሌ ለ፣ መ፣ ረ፣ ሰ፣ ሸ፣ ተ፣ ነ፣ ከ፣ ወ፣ የ፣ ደ፣ ፈ ይበቃሉ። ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ የቀሩት ቋንቋው ለስላሳ እንዲሆን ነው። ከሰባቱ ቤት ግዕዝንና ሳድስን አስወጡ። የአማርኛን ዜማ ቶሎ የሚያሳብቁት እነዚህ ሁለቱ ናቸው፤ ሲወጡ ቃሉ ወዲያው የሌላ አገር ሰው ቃል ይሆናል። ሳድስን ቀለም (የቃል ክፍል፣ በአንድ ትንፋሽ የሚባለው) በተነባቢ ሲዘጋ ብቻ ጻፉት። በዚህ ሌላ ችግርም ይቃለላል፦ በአማርኛ ሳድስ አንዴ አናባቢ አለው፣ አንዴ የለውም፣ አንባቢ የሚለየው ቃሉን ስለሚያውቅ ነው። የእናንተን ቃል ግን ማንም አያውቀውም።

ፊደላችን ጥብቀትንም አያሳይም። «ገና» ላልቶ አንድ ነው፣ ጠብቆ ሌላ ነው። በቋንቋችሁ ጥብቀት ካለ የሚጠብቀው ፊደል ላይ ሁለት ነጥብ አድርጉ፤ ስልክ ላይ ካስቸገረ ሳድሱን አስቀድማችሁ ድገሙት፣ «ሬልሊ» እንደማለት። ሰ እና ሠን አትቀላቅሉ። ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ከጻፋችሁ ኤክሴል ላይ ስትፈልጉ ቃሉ አይገኝም፣ ሳታውቁም ሁለተኛ ትፈጥራላችሁ።

አሁን ሒሳቡ። አሥራ ሁለት ተነባቢ በአምስት አናባቢ 60 ክፍት ቀለም ይሰጣል። መዝጊያ እንዲሆኑ ለ፣ ረ፣ ነ፣ ሰ ብቻ ከተፈቀዱ 240 ዝግ ቀለም ይጨመራል። በድምሩ 300 ነው፤ ባለ ሁለት ቀለም ቃል ብቻ እንኳ እስከ 90,000 ይደርሳል። ስለዚህ ድምፅ አነሰኝ ብላችሁ ተነባቢ አትጨምሩ።

ከ240ው ዝግ ቀለም 40 ሥር ምረጡ። አንዱን ቀረብ ብለን እንየው፦ ሬል፣ ትርጉሙ «መፍሰስ»። ኢ ሲጨመርበት አድራጊ ይሆናል፤ ሬሊ፣ ወንዝ። ኦን ስፍራ ነው፤ ሬሎን፣ ሸለቆ። ማ መሣሪያ ነው፤ ሬልማ፣ ቦይ። አስ ረቂቅ ስም ያወጣል፤ ሬላስ፣ ጊዜ (ለእነዚህ ሰዎች ጊዜ ይፈሳል እንጂ አይሄድም)። ሥሩ ሲደጋገም ሬሬል ይሆናል፣ ጠብ ጠብ ማለት። አምስት ቃል ከአንድ ሥር፣ ከአርባው ሁለት መቶ። ለአንድ ልብ ወለድ ስምና ጥቂት ዓረፍተ ነገር ይህ በቂ ነው።

ሁሉም እንዲህ ከተገጣጠመ ግን ቋንቋው የፋብሪካ ዕቃ ይመስላል። እዚህ ላይ አማርኛ ጥሩ አስተማሪ ነው፤ ወለደ ወላጅ፣ ከፈተ ከፋች፣ ነገሠ ነጋሽ ይላል። ጥንት የነበረችው ኢ ተነባቢውን ለውጣ ጠፍታለች። እናንተም ኢ ስትመጣ ሰ ወደ ሸ ይለወጥ በሉ፦ ዮስ «መዝፈን» ከሆነ ዘፋኙ ዮሺ ነው፣ የዘፈን ስፍራው ግን ዮሶን። አንባቢ ደንቡን ባያውቅም ቋንቋው ዕድሜ እንዳለው ይሰማዋል።

ሁለት የኤልፍ ነገድ ካላችሁ ሁለተኛውን ቋንቋ ከባዶ አትፍጠሩ፤ የመጀመሪያውን በድምፅ ለውጥ አሳልፉት። የ«ዘ ሎርድ ኦቭ ዘ ሪንግስ» ደራሲ ቶልኪንም ሁለት የኤልፍ ቋንቋዎቹን፣ ኩዌንያንና ሲንዳሪንን፣ ከአንድ ጥንታዊ ቋንቋ በድምፅ ለውጥ ነው ያወጣቸው፤ «ኮከብ» በኩዌንያ ኤሌን፣ በሲንዳሪን ኤል ነው። በእናንተ ታሪክ የቆላው ነገድ የመጨረሻዋን አናባቢ ይጣል እንበል። ወዲያው ችግር ይመጣል፦ ሬሊ ሬል ይሆንና «ወንዝ» ከ«መፍሰስ» ጋር ይደባለቃል። መፍትሔው የወደቀችው ኢ ከመሄዷ በፊት የፊተኛዋን አናባቢ እንድትለውጥ ማድረግ ነው፤ ሬሊ ሪል ይሁን።

ፍቺ ስትጽፉ አንድ የአማርኛ ቃል ብቻ አታስቀምጡ። ያ ከሆነ የሠራችሁት አማርኛ ነው፣ ልብሱ ብቻ ተለውጧል። «ሆድ» የሰውነት ክፍል ብቻ እንዳልሆነ «ሆዴ ባባ»፣ «ሆደ ሰፊ» የሚል ሁሉ ያውቃል። በባለ 50 ሉክ ደብተር ለእያንዳንዱ ሥር አንድ ገጽ ስጡ፤ የሚሸፍነውንም የማይሸፍነውንም ጻፉ፣ ከግርጌ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አስከትሉ። ያለ ዓረፍተ ነገር የተመዘገበ ቃል ከወር በኋላ ለራሳችሁም እንግዳ ይሆናል።

ከዚያ ወደ ጆሮ። የአዲስ አበባ አንባቢ ብዙ ቋንቋ ይሰማል። ንግሥቲቱን «ሺሮ» ካላችኋት ምሳ ነው የሚታሰበው። «ሹል» የአበባ ስም አይሆንም። «ላፋ»ን ለጨረቃ ብትሰጡት ኦሮምኛ ለሚያውቅ «መሬት» ይመስለዋል። ዝርዝሩን ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቋንቋ ለሚናገሩ ሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ወረቀቱን አታሳዩአቸው። የከተማ ስም ሲሆን የታክሲ ረዳት «ፒያሳ! ፒያሳ! ፒያሳ!» እንደሚለው ሦስት ጊዜ በፍጥነት ጥሩት። ምላስ ከተደናቀፈ አንድ ቀለም ቀንሱ።

የሰፈር ስሞችን ሁሉ ከሥሮቻችሁ አታውጡ። ከፒያሳ ወደ መርካቶ በእግሩ የሚወርድ ሰው ከጣልያንኛ ወደ ጣልያንኛ ይሄዳል፤ ቆሞ የቀረ ባቡርም ሰባራ ባቡር የሚል ሰፈር ትቷል። የኤልፎቹ ከተማ ካርታ ላይ አሥር ስም ካለ አንዱን ከባዕድ ቋንቋ ስጡት፣ አንዱን ደግሞ ተሰብሮ ከቀረ ዕቃ።