ከሐይቅ ዳር ያመጣነው እንጨት የዓሣ ገንዳ ውስጥ ሲያስቸግር

ባለፈው ጥር ከላንጋኖ ዳር አንድ የግራር ጉማጅ ይዤ መጣሁ። ፀሐይና ውሃ ልጠውት አጥንት መስሏል። ዓሦቼ ዘንድ የገባው ሦስት ሳምንት ባልዲ ውስጥ ከርሞ ነው። እንዲህ ያለ እንጨት የሚያመጣቸው ችግሮች አብዛኞቹ አያሰጉም። አስጊው ይቅደም።

ዓሦቹ ውሃው ፊት ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ

ይህ የሆነው እንጨቱ በገባ በሰዓታት ወይም በማግስቱ ከሆነ፣ እንጨቱን ጠርጥሩ። ወዲያው አውጡት። ግማሽ ያህሉን ውሃ ቀይሩ፣ የአየር ፓምፑንም ከፍ አድርጉት። የምትጨምሩት የቧንቧ ውሃ አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጦ ክሎሪኑ የወጣለት ይሁን። ለዚህ ብዬ አንድ ባልዲ ያደረ ውሃ ከቤቴ አይጠፋም።

ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። ውስጡ የበሰበሰ እንጨት የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ወይም ዛፉ ራሱ መርዛም ነው። ወንዝ ዳር ያደገ ሰው ብርብራን ያውቃል፤ ፍሬው ተወቅጦ ውሃ ላይ ሲበተን ዓሣው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። ሮቴኖን የሚባለው ይኸው መርዝ ቅርፊቱም ውስጥ አለ። የቅንጭብና የቁልቋል ወተትም መርዝ ነው። ጥድ ሙጫ፣ ባሕር ዛፍ ደግሞ ዘይት አለው። የምን ዛፍ እንደሆነ ካላወቃችሁ፣ ወይም ስትፍቁት ሽታው አፍንጫ የሚመታ ከሆነ፣ እዚያው ተዉት። ቢቀቀል ይለቀዋል ብላችሁ አትመኑ።

የተበላሸ እንቁላል ይሸታል

በስብሷል ማለት ነው። ሚስማር ወጋ አድርጉበት። ሳይታገል ከገባ መፍትሄ የለውም፣ ይጣል።

ውሃው ሻይ መሰለ

ታኒን የሚባለው፣ ከእንጨቱ የሚወጣ ቡናማ ነገር ነው። ቆዳ ፋቂዎች በግራር ቅርፊት የሚጠቀሙት ለዚሁ ነው። ዓሣ አይጎዳም፤ ውሃውን ትንሽ አሲዳማ ያደርገዋል እንጂ። የእኔ ባልዲ በመጀመሪያው ቀን የተንተከተከ ሻይ መስሎ ነበር። በየቀኑ ውሃውን ስቀይር በሦስተኛው ሳምንት የባልዲው ቂጥ መታየት ጀመረ። ቀለሙን ካልወደዳችሁት ለፊልተር ተብሎ የሚሸጠው ከሰል ያጠራዋል። የማንደጃ ከሰል አይሆንም።

አልሰምጥ አለ

ውስጡ አየር አለ። ድስት የሚችለው ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ቀቅሉት፣ ከዚያ ድንጋይ ጭናችሁበት ዘፍዝፉት።

ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ነገር ለበሰ

ብዙ ሰው እንጨቱን የሚጥለው እዚህ ላይ ነው፤ ያሳዝነኛል። እንጨቱ ውስጥ የቀረውን ስኳር የሚበሉ ባክቴሪያና ፈንገሶች ናቸው። በጣት ሲነካ እንደ ንፍጥ ያሙለጨልጫል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት። በሁለት ሦስት ሳምንት ምግቡ ሲያልቅ ራሱ ይጠፋል።

ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ያወጣል

ጨው ወይም ሶዳ ነው። አቼቶ ጠብ አድርጉበት፤ አረፋ ካወጣ ሶዳ ወይም ኖራ አለበት፣ የገንዳውን ውሃ ይለውጠዋል። ከሻላና ከአቢያታ ዳር እንጨት የማላነሣው ለዚህ ነው።

ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች ብቅ አሉ

ሳይቀቀል ገብቷል። እንደ ሐዋሳና ዝዋይ ባሉ ሐይቆች የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣ ስላለ፣ እርጥብ እንጨት ለማንሣት ውሃው ውስጥ አትግቡ። ዳር ላይ የደረቀውን ምረጡ፣ ቤት ስትደርሱም ቀቅሉት። ቀንድ አውጣውን ለመግደል እንዶድ ገንዳው ውስጥ እንዳትጨምሩ፤ ዓሣውንም ይገድላል። በረኪናም ቢሆን እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ይቀራል።