ከአፕዴት በኋላ ድምፁ የጠፋ ኮምፒውተር

ዊንዶውስ አፕዴት አድርጎ ሲነሳ ድምፅ ከሌለው፣ ብዙ ሰው ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ ይደመድማል። አፕዴት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነካው ሴቲንጉን ወይም ድራይቨሩን (ዊንዶውስ ከድምፅ መሣሪያው ጋር የሚግባባበትን ፕሮግራም) ነው። ድራይቨር ከመነካካታችሁ በፊት ድምፁ ወዴት እየሄደ እንደሆነ እዩ።

ሙዚቃ ክፈቱ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሳውንድ፣ ከዚያ ከታች ሞር ሳውንድ ሴቲንግስ። ፕሌይባክ የሚለው ገጽ ላይ ከየመሣሪያው ጎን ትንሽ አረንጓዴ መስመር አለ። እሷን ተከታተሉ።

መስመሯ የምትዘለው ከሞኒተሩ ስም ጎን ከሆነ፣ ድምፁ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደዚያ እየሄደ ነው። ስፒከራችሁን በቀኝ ክሊክ ይዛችሁ ሴት አዝ ዲፎልት በሉት። አለቀ።

የትም ካልዘለለች፣ መጀመሪያ ቮልዩም ሚክሰር ውስጥ አፑ ሚዩት ሆኖ እንዳይሆን እዩ። ካልሆነ ስታርት ላይ ሰርቪስስ ብላችሁ ፈልጋችሁ ከፍታችሁ ዊንዶውስ ኦዲዮ የሚለውን ሪስታርት አድርጉ።

ስፒከሩ ዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ ከሌለ፣ ባዶው ቦታ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ሾው ዲሴብልድ ዲቫይስስን ምረጡ። ተዘግቶ ከሆነ ብቅ ይላል፤ ኢኔብል በሉት። አሁንም ከሌለ ነገሩ የድራይቨር ነው።

ስፒከሩ ጎን እየዘለለች ምንም ካልተሰማም፣ ኪቦርዱ ላይ ያለውን የሚዩት ቁልፍና ገመዱን አይታችሁ ወደ ድራይቨሩ እለፉ። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ የሳውንድ ካርዱን ስም ፈልጉ። ድሮ ሪልቴክ (የሳውንድ ካርድ አምራች ስም ነው) ይል የነበረው አሁን ሃይ ዴፊኒሽን ኦዲዮ ዲቫይስ ካለ፣ አፕዴቱ የራሱን አጠቃላይ ድራይቨር ተክቶበታል። ፕሮፐርቲስ ውስጥ ሮል ባክ ድራይቨርን ተጫኑ። ቁልፉ ደብዝዞ አልነካ ካለ የቀድሞው ድራይቨር አልተቀመጠም ማለት ነው፤ ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም ፈልጋችሁ ጫኑ። "ድራይቨር ሁሉ በአንድ ክሊክ" የሚሉትን ፕሮግራሞች ተዉአቸው፤ ከድምፁ ሌላ ጣጣ ይዘው ይመጣሉ።

ድምፁ አለ፣ ግን ይንኳኳል ወይም ይቆራረጣል? ኦዲዮ ኢንሃንስመንትስን፣ ማለትም ዊንዶውስ ድምፁን ለማሳመር የሚጨምረውን ማስተካከያ፣ አጥፉ።

ሁሉም ካልሠራ፣ ዊንዶውስ አፕዴት፣ አፕዴት ሂስትሪ፣ አንኢንስቶል አፕዴትስ ገብታችሁ የመጨረሻውን አንሱት። ዊንዶውሱ ወደ አዲስ ቨርዥን አድጎ ከሆነ ደግሞ መመለሻው ሪከቨሪ ውስጥ ያለው ጎ ባክ ነው። እሱ የሚቆየው 10 ቀን ነው። በመሀል ቦታ ለማስለቀቅ ብላችሁ የቀድሞውን ዊንዶውስ ፋይሎች ካጠፋችሁ ግን 10 ቀኑም አይጠብቃችሁም።