የእንግሊዝ ጦር መሐንዲሶች በህንድ፦ ታሪኩን ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

እንግሊዞች ህንድ ውስጥ ያሠሩት ቦይና መንገድ ሲነሳ፣ አንዱ “አገር ሠሩላቸው” ይላል፤ ሌላው “ወታደር ስለ ግንባታ ምን ያውቃል” ይላል። ሁለቱም ቸኩለዋል። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የደንብ ልብስ የለበሰውን ሁሉ መሐንዲስ ማድረግ አንዱ ስህተት ነው። የጋንጅስን የመስኖ ቦይ ያሠራው ፕሮቢ ኮትሊ መድፈኛ ነበር። ሥራውን የለመደው ከእንግሊዞች በፊት ህንድን የገዙትን የሙጋሎችን አሮጌ ቦይ በማደስ ነው። ቦዩ በ1854 ተከፈተ። የሶላኒን ወንዝ በድልድይ ላይ የሚሻገርበት ቦታ ዛሬም ያስደንቃል። ግን ቁልቁለቱ በዝቶ ውሃው ወለሉን ይቦረቡር ጀመር። በዚህ የተነሳ ኮትሊና በደቡብ ህንድ የማድራሱ መሐንዲስ አርተር ኮተን በአደባባይ ተካረሩ።

ዕውቀቱ በሙሉ ከለንደን በመርከብ መጣ ብሎ ማሰብ ግን ከሁሉም የባሰ ነው። በደቡብ ህንድ ካቬሪ ወንዝ ላይ የጥንቶቹ የቾላ ነገሥታት ያሠሩት ጥንታዊ ግድብ አለ። ጥልቅ አሸዋ ላይ መሠረት እንዴት እንደሚጣል ኮተን የተማረው ከዚህ ዓይነቱ የአገሬው ሥራ ነው። ድንጋይ አሸዋው ላይ ይጣላል፣ ይሰምጣል። ሌላ ይጨመርበታል፣ እሱም ይሰምጣል። መስመጡ ሲያቆም ግንባታው ከላይ ይቀጥላል። ኮተን ራሱ ይህን ከህንዶቹ እንደተማሩ በግልጽ ጽፏል። የጎዳቫሪ ግድቡም በ1852 አለቀ። ሐውልቱ የቆመው ግን ለእሱ ነው፤ ድንጋዩን የተሸከሙትንማ ማን ያስታውሳቸዋል?

“ወታደር ደመወዙ ተከፍሎታል፣ ስለዚህ ርካሽ ነው” የሚለው ሒሳብም ጎዶሎ ነው። ጦርነት ሲነሳ መሐንዲሱ ይሄዳል። በ1857 የህንድ ወታደሮች በእንግሊዞች ላይ ያነሱት አመፅ ሲፈነዳ የቦዮቹ ኃላፊ ሪቻርድ ቤርድ ስሚዝ ከሩርኪ ከተማ ተጠርቶ የዴልሂ ከበባ ዋና መሐንዲስ ሆነ።

“ይሄ የህንድ ጉዳይ ነው፣ እኛን አይመለከትም” የሚል ካለ ደግሞ ሮበርት ናፒየርን ይጠይቅ። የቤንጋል መሐንዲስ ነበር፤ ፑንጃብ ውስጥ መንገድና ቦይ ያሠራ ሰው። በ1868 መቅደላ ድረስ የዘለቀውን ጦር የመራው እሱ ነው። ያ ጦር ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርድ ከውጊያ በፊት የመርከብ ማራገፊያ ሠራ፣ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፣ ወደ ሰናፌ የሚያወጣውን ሸለቆ መንገድ ጠረገ። ሲቪል ሥራና ወታደራዊ ሥራ ብለን የምንለያቸውን እነሱ አልለዩአቸውም።