የጣናን አኀዞች ስንጠቅስ የሚገጥሙን የምንጭ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ባሕር ዳር ውስጥ ስለ ጣና የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያዘጋጁ ተማሪዎችን ረቂቅ ሳነብ ደጋግመው የሚያጋጥሙኝን ችግሮች ከነመንስኤያቸው አቀርባለሁ።

ችግር፦ የሐይቁ ስፋት በአንዱ ምንጭ 3,000፣ በሌላው 3,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው።

ከሁለቱ አንዱ የግድ ተሳስቷል ማለት አይደለም። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 15 ሜትር ገደማ ብቻ የሆነ፣ ዳርቻውም በብዙ በኩል ሜዳና ረግረግ የሆነ ሐይቅ በመሆኑ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሞልቶ የተለካውና ግንቦት ላይ ሸሽቶ የተለካው ስፋት አንድ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ የጥናቱን የአሠራር ዘዴ ክፍል ከፍተን በየትኛው ወርና ዓመት፣ በምን መሣሪያ እንደተለካ እናጣራ። ጽሑፉ ይህን ካልነገረን በእጃችን ያለው ልኬት ሳይሆን የሰሚ ቃል ነው።

ችግር፦ እምቦጭ የተባለው አረም በሐይቁ ላይ የታየበት ዓመት አንዱ ጋ 2003፣ ሌላው ጋ 2011 ተብሏል።

መንስኤው የዘመን አቆጣጠር ነው። የፈረንጆቹ 2011 በእኛ 2003 ተጀምሮ በ2004 ስለሚያልቅ፣ ወሩን ሳናይ ስምንት ብቻ ቀንሰን አንጻፍ፤ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ማለትንም አንርሳ።

ችግር፦ መጽሔቱ ጽሑፍ በተላከለት በሦስተኛው ቀን «ለኅትመት ተቀብለናል» ይላል።

ባለሙያዎች እንዳልገመገሙት ይጠረጠራል። የአርታኢዎቹን ስም ይዘን በየዩኒቨርሲቲያቸው ገጽ ላይ እንፈልግ።

ችግር፦ ብዙ ጽሑፎች በአንድ አኀዝ ይስማማሉ፣ የተለካበት ቦታ ግን አይገኝም።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው፤ ምክንያቱም የገደል ማሚቶ የብዙ ሰው ድምፅ ይመስላል። አንዲት ተማሪ ስለ ዓሣ ምርት መቀነስ አንድ አኀዝ ለመደገፍ ስድስት ጽሑፎች ጠቅሳ መጣች። አብረን ተቀምጠን የእያንዳንዱን ዋቢ ስንከተል ስድስቱም የደረሱት አንድ የቆየ ሪፖርት ላይ ሲሆን፣ እዚያ የተጻፈው «በዓሣ አስጋሪዎች ግምት» የሚል ነበር። ቀጥሎ የጠቀሰው ጸሐፊ «ግምት» የሚለውን ቃል ጣለው፤ ከእርሱ የቀዱት ደግሞ «በጥናት ተረጋግጧል» አሉ።

መፍትሄው አድካሚ ቢሆንም አንድ ነው፦ ዋቢውን ወደ ኋላ እየተከተሉ አኀዙ መጀመሪያ የተጻፈበትን ገጽ በዓይን ማየት። ያ ገጽ ካልተገኘ፣ አኀዙን ያገኘንበትን ጽሑፍ ብቻ «እገሌ እንደጠቀሰው» ብለን እንጻፍ። ተማሪዋ አኀዙን አልሰረዘችውም፤ ስድስቱን ዋቢዎች አውጥታ፣ የቆየውን ሪፖርት ጠቅሳ፣ «በዓሣ አስጋሪዎች ግምት» የሚለውን ወደ ቦታው መለሰችው።