የድሮ ላንድክሩዘር ጣርማ በር ላይ እንዳይፈላ፦ ከራዲያተር እስከ ክዳን እንዴት እንደሚፈተሽ

ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ብርሃን የወጣ ሰው ዳገቱን ያውቀዋል። 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትነሳላችሁ። 50 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ጣርማ በር ዋሻ ጋ ስትደርሱ ከ3,000 ሜትር በላይ ናችሁ። ሮቢት ላይ በከናቴራ የነበረ ሰው ዋሻው ጋ ሲደርስ ጋቢ ያምረዋል። አሮጌ መኪና ግን ተቃራኒው ነው። ሰው ሲበርደው እሱ ይፈላል።

የኔ መኪና በፈረንጆቹ 1986 የተሰራ ላንድክሩዘር ነው። ሞተሩ 2ኤች የሚባለው ባለ 6 ሲሊንደር ናፍታ፣ 4 ሊትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው። ቱርቦ የለው፣ ኮምፒውተር የለው። ኮፈኖውን ስትከፍቱ ዕቃው ሁሉ ፊት ለፊት ይታያል፤ እጅ ይገባል፣ ቁልፍ ይዞራል። ደስታው ይሄ ነው። ብስጭቱ ደግሞ ኮፈኖ ተከፍቶ ያየ ሁሉ መካኒክ መሆኑ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ዳገቱ ላይ ያለችውን ደብረ ሲናን ባለፍኩ ቁጥር የሙቀት ጌጁ ቀይ ውስጥ ይገባ ነበር። እዚያው ዳር ይዤ ጀሪካን ፍለጋ እወርዳለሁ። ቆሎ ሻጮቹ ለመዱኝ። «ዛሬም ቆመብህ?» ይሉኛል፣ ቆሎ እየሰፈሩ።

በነዚህ ሁለት ዓመታት ራዲያተር አሰራሁ፣ የውሃ ፓምፕ ቀየርኩ፣ ደህና ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን አግዶ ሲሞቅ የሚከፈተውን ቫልቭ) አውጥቼ ጣልኩ። ጥፋተኛው ሌላ ነበር። ቅደም ተከተሉን እኔ እንዳደረግኩት ሳይሆን ማድረግ እንደነበረብኝ እነግራችኋለሁ።

ከክፉው ጀምሩ

መጀመሪያ የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ ማለትም በሞተሩ ራስና በታችኛው አካሉ መሃል ያለው ማሸጊያ፣ አለመቃጠሉን አረጋግጡ። እሱ ተቃጥሎ ከሆነ ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

ጠዋት ሞተሩ በረዶ ሆኖ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈቱ። ውሃውን እስከ አፉ ሙሉና ሞተሩን አስነሱ። አረፋው ሳያቋርጥ ቡልቅ ቡልቅ ካለ ከሲሊንደር ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ እዩ። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። ከሁለቱ አንዱን ካያችሁ ይህን ጽሑፍ እዚህ ላይ አቁሙና ቴስታታ ወደሚያወርድ መካኒክ ሂዱ።

ክዳን የሚከፈተው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ይሄን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፣ እኔም አውቀው ነበር። ቀኝ ክንዴ ላይ ያለው ጠባሳ ግን የደብረ ሲና ነው። መሽቶብኛል፣ ጉሙ ወርዷል፣ ቸኩያለሁ። ጨርቅ ደርቤ ከፈትኩት። ጨርቁ ከጣቶቼ በላይ ያተረፈልኝ ነገር የለም። ቢያንስ አንድ ሰዓት ጠብቁ። የላይኛው ማኒኮቶ (ራዲያተሩን ከሞተሩ የሚያገናኘው የጎማ ቱቦ) ሲጨመቅ ለስለስ ካላለ ክዳኑን አትንኩት።

ከውጭ የሚታየውን ጨርሱ

ቺንጊያው (ፓምፑንና ማራገቢያውን የሚያዞረው ቀበቶ) ከላላ አጥብቁት፣ ከተሰነጠቀ ቀይሩት። ማኒኮቶዎቹን ጨምቁ፤ ያበጠና የተሰነጠቀ ይውጣ። ማኒኮቶዎቹን ጫፍ ላይ የሚያስሩትን ፋሸታዎች አጥብቁ። የማራገቢያው ዙሪያ መከለያ በላስቲክ ገመድ ታስሮ ካገኛችሁት ፍቱትና በደንብ አሳስሩት። እኔ ላይ ደርሷል።

የራዲያተሩን ፊት በባትሪ መብራት እዩት። እኛ አካባቢ ከኅዳር እስከ ጥር እህል ሲወቃ ገለባው መንገድ ላይ ይበተናል። ያ ገለባ ከአቧራና ከትንኝ ጋር ሆኖ ክንፎቹ መሃል ጭቃ ይለጥፋል። ውሃ ስትረጩ ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት ይሁን፤ ከፊት ከረጫችሁ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ነው የምትወትፉት። የመኪና እጥበት ቤቶችን የግፊት ውሃ አታስጠጉ፤ ክንፎቹን ያጋድማቸዋል።

ውስጡ ከተደፈነ የራዲያተር ሰሪ ስራ ነው። የድሮ ራዲያተር ናስና መዳብ ስለሆነ የላይኛውን ታንክ በእሳት ፈትተው እያንዳንዱን ቱቦ በቀጭን ዘንግ ይወጉታል፣ ከዚያ በስታኞ (ቀልጦ በሚያጣብቅ ብረት) ይዘጉታል። አንድ ነገር ብቻ ጠይቁ፦ «ስንት ቱቦ ዘጋህ?» የሚያፈሱትን ቱቦዎች ጫፋቸውን ደፍኖ «ሰርቼዋለሁ» የሚል ሰው አለ። ማፍሰሱ ይቆማል፣ ዳገቱ ላይ ግን ትፈላላችሁ። በዚህ ምክንያት ከታንኩ መዘጋት በፊት ቆሜ አያለሁ። ሻይ ቤት አልሄድም።

ቴርሞስታቱ፣ ድስቱና እናቴ

በኔ ሞተር የላይኛውን ማኒኮቶ ተከትላችሁ ሞተሩ ላይ ሲደርስ የቴርሞስታቱን ቤት ታገኛላችሁ። አንዳንድ ሞተር ላይ በታችኛው በኩል ነው። ውሃውን በከፊል አፍስሱ፣ ብሎኖቹን ፍቱ። ብሎን እንቢ ካለ አትታገሉት። ዘይት ጣል አድርጉበትና እስከ ማግስቱ ይደር። ከተሰበረ ቶርኖ ቤት ናችሁ።

መጀመሪያ የሚመጣው ምክር «አውጥተህ ጣለው፣ ከዚያ አይፈላም» ነው። አትስሙ። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ ባለበት ጠዋት፣ ቴርሞስታት የሌለው ናፍታ ሞተር ግማሽ መንገድ ሄዶም አይሞቅም። ናፍታ ይበላል፣ ሲሊንደሩ ያለጊዜው ያልቃል። አንዳንድ ሞተር ላይ ደግሞ ቴርሞስታቱ ሲከፈት ሌላ አቋራጭ መንገድ ይዘጋል። ካወጣችሁት የሞቀው ውሃ ራዲያተሩን ሳይነካ ተመልሶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ያኔ ጭራሽ ይብሳል።

የሚፈተሸው በፈላ ውሃ ነው። በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ ትነክሩትና ሲከፈት ታያላችሁ። ቀላል ነው። እኔን ግን ሁለት ቴርሞስታት ያስጣለኝ ይሄው ቀላል ነገር ነው።

የኔ ላይ 82 የሚል ቁጥር አለ። መከፈት የሚጀምርበት ዲግሪ ነው። ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ሲደርስ ነው። የእናቴን ድስት ጣድኩና ነከርኩት። ውሃው ተንተከተከ። ቴርሞስታቱ ግማሽ ድረስ ተከፈተና ቆመ። ማገዶ ጨመርኩ። ወይ ፍንክች። «ሞቷል» ብዬ ጣልኩት። አዲስ ገዝቼ ነከርኩ፣ እሱም ግማሽ ላይ ቆመ። «የውሸት ዕቃ ሸጡልኝ» ብዬ ተናደድኩና እሱንም ጣልኩ። ሦስተኛውን ስነክር እናቴ ትዕግስቷ አለቀ።

«አንተ ልጅ፣ ድስቴን የጋራዥ አደረግኸው እኮ! ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቀው?»

«ውሃው በደንብ እስኪግል።»

«ከዚህ በላይ አይግልም። የዚህ አገር ንፍሮ ለምን ማገዶ የሚፈጅ ይመስልሃል? ሮቢት እህቴ ጋ በግማሽ ሰዓቱ ይደርሳል።»

ቤተ ሙከራ የሚሰራ ጓደኛ ስላለኝ በማግስቱ ቴርሞሜትር ተውሼ መጣሁ። ድስቱ እየተንተከተከ 90 ላይ ቆመ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ሳስቷል፣ ስለዚህ ውሃ 100 ሳይደርስ ይፈላል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከ3 ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ይቀንሳል። ከፈላ በኋላ ማገዶ ብትጨምሩ እንፋሎት ነው የምታበዙት እንጂ ዲግሪው አይንቀሳቀስም። 95 ላይ ሙሉ የሚከፈት ቴርሞስታት ከእናቴ ድስት ውስጥ መቼም ሙሉ አይከፈትም ነበር። የጣልኳቸው ሁለቱም ደህና ነበሩ።

ስለዚህ ደጋ ላይ የምትፈትሹ ሰዎች፣ ሙሉ መከፈቱን አትጠብቁ። ሦስት ነገር እዩ። ቀዝቃዛ ሳለ በብርሃን ሲታይ ግጥም ብሎ መዘጋቱን። በተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መከፈት መጀመሩን። ከውሃው ሲወጣና ሲቀዘቅዝ መልሶ መዘጋቱን። አዲስ ካላችሁ ጎን ለጎን ንከሯቸው፤ እኩል ከተከፈቱ አሮጌው ጤነኛ ነው። የራሳችሁን ጣሳም ያዙ።

ሲገጠም ትንሿ የአየር ማሳለፊያ ቀዳዳ ወደ ላይ ትሁን። አዲስ ጓርኒሲዮን አድርጉ። ሲሊኮን አፍቃሪዎች ጋ ጠበኛ ነኝ። ከዳር የተረፈው ሲሊኮን ተቆርጦ ሄዶ ራዲያተሩ ቱቦ ውስጥ ይቀረቀራል።

ክዳኑ

ያን ቀን ማታ ቁጥሩን በጭንቅላቴ ሳዞር አደርኩ። ድስቱ 90 ላይ ከፈላ፣ ራዲያተሬ ውስጥ ያለው ውሃስ? ቴርሞስታቱ ሙሉ ሳይከፈት ውሃው ይፈላል ማለት ነው። ታዲያ ይህ መኪና ደጋ ላይ እንዴት ይሄዳል?

መልሱ ክዳኑ ነው። የራዲያተር ክዳን እንደ ጀሪካን ክዳን መዝጊያ ብቻ አይደለም። ውስጡ ስፕሪንግና ጎማ አለው፤ ግፊት አፍኖ ይይዛል። የኔ ላይ 0.9 ተጽፎበታል፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር 0.9 ኪሎ ማለት ነው። ያንን ግፊት ከያዘ ውሃው ጣርማ በር ላይ እንኳ 110 ዲግሪ ሳያልፍ አይፈላም። ካልያዘ እዚያው 90 አካባቢ ይፈላል። አዳማ ላይ ያለችግር የሚሄድ የደከመ ክዳን ደብረ ሲና ዳገት ላይ ያዋርዳችኋል። ራዲያተር አሰርቼ፣ ፓምፕ ቀይሬ፣ ያንን ክዳን ግን በየጊዜው አጥቤ መልሼ እገጥመው ነበር።

ክዳኑን ገልብጣችሁ እዩ። ጎማው የደረቀ፣ የተሰነጠቀ፣ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ በጥልቀት የታተመበት ከሆነ ይጣል። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ተጫኑ፤ ልፍስፍስ ካለ ይጣል። መሃሉ ላይ ወደ ውስጥ አየር የምታስገባ ትንሽ ቫልቭ አለች፤ በጥፍር ሳብ ስትደረግ ተከፍታ መመለስ አለባት። ጠዋት የላይኛው ማኒኮቶ ወደ ውስጥ ተጨማዶ ካገኛችሁት እሷ ተጣብቃለች። የራዲያተሩን አፍ ከንፈርም በጨርቅ ጥረጉ፤ ዝገት ካለበት አዲስ ክዳንም አይገጥምም። ደህና ጋራዥ ካለ ክዳን በግፊት የሚፈትሽ መሳሪያ አላቸው።

አዲስ ስትገዙ የድሮውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩም ጥልቀቱም አንድ ይሁን። ሻጩ «1.3 አለ፣ ይበልጣል» ካላችሁ እንቢ በሉ። የ40 ዓመት ስታኞ ያንን አይችልም፤ ከማኒኮቶ እስከ ማሞቂያው ድረስ ደካማውን ፈልጎ ያፈነዳዋል።

ውሃ መሙላት

ኩላንትና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል። ኩላንት ለሀብታም መኪና አይደለም፤ ዝገት ይከላከላል፣ በኅዳር ውርጭም ውሃው እንዳይረጋ ያደርጋል። የምንጭና የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት አይታችኋል። ራዲያተር ውስጥም ይተወዋል።

መኪናውን አፍንጫው ሽቅብ እንዲሆን ተዳፋት ላይ አቁሙ። የጋቢናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱ። ቀስ ብላችሁ ሙሉ። ክዳኑን ሳትገጥሙ ሞተሩን አስነሱና ማኒኮቶውን ጨመቅ ጨመቅ አድርጉ፤ የታፈነው አየር ይወጣል። የላይኛው ማኒኮቶ ድንገት ሲሞቅ ቴርሞስታቱ ተከፍቷል፤ ውሃው ቁልቁል ይወርዳል፣ ሙሉትና ዝጉ። ክዳን ከፍታችሁ ብዙ አትጠብቁ። ያለ ክዳን በስንት ዲግሪ እንደሚፈላ አሁን ታውቃላችሁ።

ዳገቱ ላይ

ሙከራው ሮቢት ወርዶ መመለስ ነው። ሁለት ጀሪካን ውሃ ያዙ። ጌጁ መውጣት ከጀመረ ማርሽ ቀንሱ፤ ሞተሩ ሳይጨናነቅ ሲዞር ፓምፑም ማራገቢያውም ይፈጥናሉ። ማሞቂያውን ክፈቱ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርጉ። የግድ መቆም ካለባችሁ ውሃው እስካለ ድረስ ሞተሩን ወዲያው አታጥፉት፤ ጥቂት ደቂቃ በዝግታ ይዙር።

የኔ ጌጅ ደብረ ሲናን ሲያልፍ መሃል ላይ ነበር። ዋሻው አፍ ላይም መሃል። ቆሎ ሳልገዛ በማለፌ ግን ከፋኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ክፈቱና ደረጃውን እዩ። የቀረ አየር ሌሊቱን ወጥቶ ውሃው ትንሽ ይወርዳል። የኔ ግማሽ ሊትር ያህል ጎድሎ ነበር። ሞላሁት፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት አልጎደለም።