ፐርሲመን ሲደርቅ እንዳይሻግት

በእስራኤል አፈርሰሞን የሚባለውን ፐርሲመን የተሰኘ ፍሬ እንደ ጃፓኖቹ ሆሺጋኪ (ተሰቅሎ የደረቀ ፐርሲመን) በክር አንጠልጥሎ ለሚያደርቅ ሰው ዋናው ችግር ውስጡ ሳይደርቅ ላዩ መሻገቱ ነው። ስለዚህ ገና ያልለሰለሰ ፍሬ ልጠው፣ አናቱ ላይ የቀረችውን እንጨት በክር ካሰሩ በኋላ፣ በፈላ ውሃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ያህል ነክረው ያውጡት፤ ግለቱ ላዩ ላይ ያረፈውን ሻጋታ ስለሚገድል፣ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ከሌላ ፍሬ ጋር ሳይነካካ ሲሰቀል ሳይበላሽ ይደርቃል። ከሳምንት ገደማ በኋላ በየጥቂት ቀኑ በጣት በቀስታ ማሸት የውስጡ እርጥበት እንዲወጣ ይረዳል። በመጨረሻ የሚታየው ነጭ ዱቄት፣ መልኩ ቢያጠራጥርም፣ ከፍሬው የወጣ ስኳር ነው፤ ጸጉር ያወጣ ወይም አረንጓዴ ነገር ከታየበት ግን ይጣል። ዝናብና ጭጋግ በሚበዛበት ሰሞን በፈላ ውሃ መንከሩ ብቻውን ስለማያድነው ባይጀምሩት ይሻላል።