የቤተሰብ ፎቶ ከቤት ውጭ፦ ኮምፒውተር ላይ ያየነው ችግር የት ተፈጠረ?

የቤተሰብ ፎቶ ፕሮግራም እንደ ሠርግ አይደለም። ሠርግ ቀኑን ሙሉ ይውላል፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላው ይተካዋል። እዚህ ግን አያት፣ ልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ ከአሜሪካ ለሦስት ሳምንት የመጣችው አክስት፣ ሁሉም አንድ ላይ የሚቆሙት ለአንድ ሰዓት ነው። ያቺ ሰዓት ካለፈች አለፈች።

ማታ ኮምፒውተር ከፍተን "ምን ሆኖ ነው?" የምንልበት ችግር ብዙ ጊዜ እዚያ አልተፈጠረም። የተፈጠረው ቀደም ብሎ ነው። ሰዓት ስንመርጥ፣ ካሜራውን ስናስተካክል፣ ሜሞሪ ካርዱን ወደ ኮምፒውተር ስንገለብጥ። ስለዚህ እያንዳንዱን ችግር ከሚታይበት ቦታ ተነስቼ ወደ ኋላ እሄዳለሁ። ምሳሌዎቼ የአዲስ አበባ ናቸው፤ ብርሃኑንም ልብሱንም የማውቀው እዚያ ነው።

ፊታቸው ጠቁሯል፣ ነጠላው ደግሞ ተቃጥሏል

የአገራችን የቤተሰብ ፎቶ ትልቁ ፈተና ይሄ ነው። ነጭ የሐበሻ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ጠይም ወይም ጥቁር ፊት፣ ከኋላ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ጽድ ወይም ባሕር ዛፍ።

ካሜራው ብርሃን ሲለካ ሰው መሆናችንን አያውቅም። ያየውን ሁሉ አማክሎ መካከለኛ ግራጫ ሊያደርገው ይሞክራል። ፍሬሙን ነጭ ልብስ ከሞላው ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ፊት ይጨልማል። ከኋላ ያለው ጥቁር ጫካ ከበዛ ደግሞ ብርሃን ይጨምራል፤ ነጠላው ይቃጠላል። የተቃጠለ ነጭ በኤዲት አይመለስም፤ ፋይሉ ውስጥ የተመዘገበ ነገር የለማ። የሽመናው ክር፣ የነጠላው እጥፋት፣ ሁሉም አንድ ወጥ ነጭ ሆኖ ቀርቷል። የጨለመ ፊት ግን በሮው (ካሜራው ያየውን ሁሉ ሳይጨምቅ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) ከተነሳ ይመለሳል። በጄፔግ ብቻ ካነሳችሁ የምትመልሱት በጣም ትንሽ ነው።

መፍትሄው ከካሜራ በፊት ከብርሃን ይጀምራል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሚያዝያ መጀመሪያ ላይና በነሐሴ ሁለተኛ አጋማሽ፣ በቀጥታ አናታችን ላይ ትሆናለች። በሌላውም ጊዜ ቢሆን ቀትር ላይ ከፍ ብላ ነው የምትውለው። ያኔ ዓይን ጉድጓድ ውስጥ ጥላ ይገባል፣ የአፍንጫ ጥላ ከንፈር ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል በኋላ ቅጠሩ። የማታውን ከመረጣችሁ ግን አትዘናጉ። ፀሐይዋ እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት እስከ 12 ከ48 ባለው ጊዜ ውስጥ ትጠልቃለች፤ ከጠለቀች በኋላ ብርሃኑ የሚቆየው ለ20 ደቂቃ ያህል ነው። ቤተሰቡ አንድ ሰዓት እንደሚያረፍድ አስባችሁ ቅጠሩ። ይህን የምለው ለሐሜት አይደለም። አዛውንት አልብሶ፣ ሕፃን አጥቦ፣ በሦስት መኪና እንጦጦ መውጣት በእውነት ጊዜ ይወስዳል።

ቀትር ላይ የግድ ከሆነ የዛፍ ወይም የሕንፃ ጥላ ፈልጉ። ጥላው ጠርዝ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ ክፍት ሰማይ አዙራችሁ አቁሟቸው። በቅጠል መሀል ሾልኮ የሚመጣ የብርሃን ነጠብጣብ ካለ ቦታ ቀይሩ፤ ፊት ላይ ያረፈ ነጠብጣብ ኤዲት ላይ ሰዓታት ይበላል። ሪፍሌክተር ከሌላችሁ ነጭ ጋቢ ጠይቁ። ከፊታቸው መሬት ላይ፣ ከፍሬሙ ውጭ፣ ብርሃን በሚያርፍበት ቦታ ዘርጉት። ብርሃኑ ከታች ተመልሶ ዓይንና አገጭ ስር ይገባል። ብዙ ጊዜ ተጠቅሜበታለሁ፤ አያቶችም ጋቢያቸው ሥራ ላይ ሲውል ደስ ይላቸዋል።

ከዚያ ካሜራው። የተቃጠለ ቦታ ሲኖር ስክሪኑ ላይ የሚያብለጨልጨውን ማስጠንቀቂያ አብሩት። ማንዋል (ብርሃኑን ራሳችሁ የምትወስኑበት) ላይ ሁኑና ነጠላው ላይ ያለው ብልጭታ እስኪጠፋ ብርሃኑን ቀንሱ። ብልጭታው የሚሰላው ከጄፔጉ ቅድመ እይታ ስለሆነ ሮው ፋይሉ ከሱ ትንሽ የበለጠ ይይዛል። ብርሃኑ እስካልተለወጠ ድረስ ቁጥሩን አትንኩት። ማታ አንዱን ፎቶ አስተካክላችሁ ለሌላው ሁሉ መገልበጥ የምትችሉት ሁሉም በአንድ ቁጥር ሲነሳ ነው። ፊቱን ብቻ ለይታችሁ (ማስክ አድርጋችሁ) ብርሃኑን ከፍ አድርጉ፤ ሙሉ ፎቶውን አታንጡት። ጠይምን ሰው ቀይ ማድረግ ማስተካከል አይደለም።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የጥበቡ ቀይ ድምቀቱ ከበዛ፣ ነጩ ደህና ሆኖም ቀዩ ብቻ ሊቃጠል ይችላል። ሂስቶግራሙን (የብርሃኑን መጠን የሚያሳየውን ግራፍ) በሦስቱ ቀለም፣ በቀይ፣ በአረንጓዴና በሰማያዊ፣ ለይታችሁ እዩት።

ጥላ ውስጥ ሰማያዊ፣ ሣር ላይ አረንጓዴ ሆኑ

ጥላ ውስጥ የሚያበራው ፀሐይዋ ሳትሆን ሰማዩ ነው፤ ስለዚህ ሰማያዊ ይሆናል። ሣር ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ከታች አረንጓዴ ይንጸባረቅበታል። ይህም በአገጭ ስርና በነጭ ልብስ ላይ በደንብ ይታያል። ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ ቀለሙን የሚያስተካክለውን) ኦቶ ላይ ከተዋችሁት ካሜራው በየፎቶው ሐሳቡን ይቀይራል፤ ተከታታይ ፎቶዎች ሁሉ የተለያየ ቀለም ይዘው ይመጣሉ።

ዋይት ባላንሱን ቆልፉት። ፀሐይ ላይ 5200 ኬልቪን አካባቢ፣ ጥላ ውስጥ 7000 አካባቢ። ቦታ በቀየራችሁ ቁጥር አንድ ሰው ግራጫ ካርድ ይዞ አንድ ፎቶ ይነሳ። ማታ ያንን ካርድ በኤዲት ፕሮግራሙ የቀለም መለኪያ ጠብታ ነክታችሁ ለቦታው ፎቶዎች ሁሉ ትገለብጡታላችሁ። ነጠላውን እንደ ነጭ መለኪያ መጠቀም ግን አይመከርም። አዲስ ነጠላ ብዙ ጊዜ ሰማያዊነት አለው፣ የቆየው ደግሞ ቢጫ ያደላል። የሣሩን አረንጓዴ ለማጥፋት ከታች ያንኑ ጋቢ ዘርጉበት።

የፊተኞቹ ጥርት ብለዋል፣ የኋለኞቹ ደብዝዘዋል

አፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚገባበት ቀዳዳ) በጣም ተከፍቷል። የኤፍ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቀዳዳው ይሰፋል። "ከኋላ ያለው ብዥ ይበል" ብለን ኤፍ 1.8 ላይ እናነሳለን። በፉል ፍሬም (ሴንሰሩ ትልቅ በሆነ) ካሜራ፣ በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ከ4 ሜትር ርቀት ኤፍ 1.8 ላይ ከፎከሱ በስተኋላ ጥርት የሚለው 40 ሴንቲ ሜትር እንኳን አይሞላም። አያት ወንበር ላይ ተቀምጠው ልጆቹ ከኋላ ቢቆሙ ልዩነቱ ከዚያ ይበልጣል። ኤፍ 5.6 ላይ ግን ከኋላ ወደ አንድ ሜትር ተኩል ታገኛላችሁ። ሁለት ረድፍ በደንብ ይይዛል። ሦስት ረድፍ ከሆነ ኤፍ 8 አድርጉ። ከኋላ ያለው ብዥ እንዲል ከፈለጋችሁ ሰዎቹን ከዛፎቹ አርቁ፤ 10 ሜትር ወደ ፊት ማምጣት ብዙ ይለውጣል።

ይህ በኤዲት አይታከምም። ሻርፕን ብትጨምሩ የቆዳውን ሸካራነት እንጂ ፊቱን አታመጡም። ቦታው ላይ እያላችሁ የኋላውን ረድፍ አጉልታችሁ እዩ።

ሁሉም ሰው ትንሽ ትንሽ ከደበዘዘ ግን ችግሩ ሸተሩ፣ ማለትም ካሜራው ብርሃን የሚያስገባበት የጊዜ ርዝመት ነው። ለቆመ ቡድን ከ1/250 ሰከንድ አትውረዱ፤ ለሚሮጥ ልጅ 1/500 እና ከዚያ በላይ። አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) ወደ 800 ከፍ ማድረግ ከደበዘዘ ፎቶ ይሻላል።

ዓይን የጨፈነ ሰው ካለ፦ ከ10 ሰው በላይ ሲሆን ሁሉም በአንድ ፎቶ ዓይኑን እንዲገልጥ መጠበቅ ከባድ ነው። ሁሉም ይጨፍኑ፣ "ክፈቱ" በሉና በተከታታይ 6 ወይም 7 አንሱ። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነ ከአንዱ ፎቶ ፊት ወስዶ ሌላው ላይ ማስገባት ይቀላል።

ፎቶዎቹ ቅደም ተከተላቸው ተዘበራርቋል

ይህ የደረሰብኝ ነው። ረዳቴ ሁለተኛ ካሜራ ይዞ ነበር። ማታ ሁለቱን ሳቀላቅል የሱ ፎቶዎች በሙሉ ከኔ በፊት መጡ። ኬኩ ተቆርሶ ካለቀ በኋላ ቤተሰቡ ከመኪና ሲወርድ ይታያል። ሳጣራ የሱ ካሜራ በኛ ሰዓት ተሞልቶ ነበር። የኔ 16:30 ሲል የሱ 10:30 ይላል። ልክ ስድስት ሰዓት። ቀኑ በኛ አቆጣጠር ከተሞላማ ዓመቱም በ7 ወይም በ8 ወደ ኋላ ይሄድና ኮምፒውተሩ ፎቶዎቹን ሌላ ፎልደር ውስጥ ይጥላቸዋል። "ፎቶዎቹ ጠፉ" የሚባለው አንዳንዴ በዚህ ነው።

ላይትሩም በሚባለው የፎቶ ኤዲት ፕሮግራም ውስጥ የዚያን ካሜራ ፎቶዎች ብቻ ምረጡና ኤዲት ካፕቸር ታይም በሚለው ስድስት ሰዓት ጨምሩ። ለወደፊቱ ሁሉም ካሜራ በአንድ አቆጣጠር ይሞላ። ሥራ ስትጀምሩ ደግሞ ሁለቱም ካሜራዎች የአንዱን ስልክ ሰዓት ፎቶ ያንሱ። የደቂቃ ልዩነት ቢኖር እንኳን ከዚያ ታሰሉታላችሁ።

ሜሞሪው ባዶ ነው ወይም ፋይሉ አይከፈትም

በመጀመሪያ፦ እጃችሁን አንሱ። በዚያ ሜሞሪ ሌላ ፎቶ አታንሱ፣ ፎርማት አታድርጉ፣ ካሜራው "ላስተካክለው" ቢል እሺ አትበሉ። ፋይል ሲጠፋ ወይም ሜሞሪው ፎርማት ሲደረግ ብዙውን ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ነው። ፎቶው ራሱ ሌላ ነገር እስኪጻፍበት ድረስ እዚያው አለ። ፎቶሬክ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ሜሞሪውን በሪደር ሰክታችሁ የሚያገኘውን ወደ ሌላ ዲስክ እንዲያወጣ አድርጉ፤ በፍጹም ወደዚያው ሜሞሪ አይሁን። የፋይሎቹ ስም ይጠፋል፣ ፎቶዎቹ ግን ብዙ ጊዜ ይወጣሉ።

ምክንያቱን ስፈልግ ብዙ ጊዜ የማገኘው "ከት" ማድረግን ነው። ከሜሞሪ ወደ ኮምፒውተር ከት አድርገን እያለ መብራት ይጠፋል። የዴስክቶፑ ኮምፒውተር ይዘጋል፤ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ፣ አንዱ ፋይል ደግሞ መሀል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ሁሌም ኮፒ አድርጉ። የፋይሉን ብዛትና መጠን ከሜሞሪው ጋር አስተያዩ። ከዚያ ሁለተኛ ኮፒ ወደ ውጭ ሃርድ ዲስክ። ሁለቱም ቦታ ላይ ተከፍተው ሳታዩ ሜሞሪው ፎርማት አይደረግም። እኔ የጨረስኩትን ሜሞሪ ፊቱን ገልብጬ ማስቀመጫው ውስጥ እከታለሁ። ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ያድራል።

ካሜራችሁ ሁለት የሜሞሪ ቦታ ካለው ሁለቱም ላይ እንዲጽፍ አድርጉት።

ላይትሩም ፎቶው ላይ ቃለ አጋኖ ያሳያል

ፎቶው አልጠፋም። ፎልደሩን ከላይትሩም ውጭ አንቀሳቅሳችሁታል ወይም ስሙን ቀይራችኋል፤ ወይም ሃርድ ዲስኩ አልተሰካም። የጥያቄ ምልክት ያለበትን ፎልደር በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ አዲሱን ቦታ አሳዩት። ኤዲቱ ሁሉ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ ፎልደር ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ላይትሩም ውስጥ ሆናችሁ ብቻ።

ቤተሰቡ "ፎቶው ጥራት የለውም" አለ

ቴሌግራም ላይ በፎቶ መልክ ከላካችሁ ይጨመቃል። ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፤ ዋትሳፕም ላይ እንደ ዶክመንት። ቀለሙ ከፈዘዘ ደግሞ አዶቤ አርጂቢ በሚባለው የቀለም ዓይነት አውጥታችሁት ይሆናል፤ ለስልክ ኤስአርጂቢ የሚባለው ይሁን።

ፕሪንቱ ጨለመ ካሉ መጀመሪያ ስክሪናችሁን ጠርጥሩ። ጨለማ ክፍል ውስጥ ብርሃኑን እስከ ጥግ ከፍተን ስንሠራ ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ይመስለናል፤ ወረቀት ግን አያበራም። የስክሪኑን ብርሃን ቀንሱ፤ ሙሉውን አልበም ከማዘዛችሁ በፊት አንዲት 10 በ15 አሳትማችሁ በቀን ብርሃን እዩዋት። ለ20 በ30 ሴንቲ ሜትር ፕሪንት 2362 በ3543 ፒክስል ላኩ።

ከዓመታት በኋላ፦ "የአባታችንን ፎቶ ብቻውን ቁረጥልን"

ይህ ስልክ ይመጣል። አባት አርፈዋል። ለለቅሶው ትልቅ ፎቶ ይፈለጋል፣ ዛሬውኑ። ያለው ደግሞ 14 ሰው ያለበት የቡድን ፎቶ ነው።

24 ሜጋ ፒክስል ባለው ካሜራ እንኳን እንዲህ ባለ ፎቶ ውስጥ የአንድ ሰው ፊት ስፋቱ 200 ፒክስል ገደማ ነው። 50 በ70 ፍሬም ላይ ሲሰቀል ይፈርሳል። ሶፍትዌር ያጎላዋል፤ ግን የሌለ መስመር ፈጥሮ ፊቱን የሌላ ሰው ሊያስመስለው ይችላል። ሐዘንተኛ ደግሞ ወዲያው ያውቀዋል። ያን ቀን ማድረግ የሚቻለው ሮውን ፈልጎ፣ ፊቱ በጣም የቀረበበትን ፎቶ መርጦ፣ ፍሬሙን አሳንሶ ማተም ነው። 20 በ30 ጥርት ያለ ከ50 በ70 የፈረሰ ይሻላል።

ስለዚህ አሁን ከቡድኑ ፎቶ በፊት፣ አዛውንቱ ሳይደክሙ፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ እወስዳለሁ። ጥላው ጠርዝ ላይ ወንበር አስቀምጬ፣ በ85 ሚሊ ሜትር ሌንስ፣ ካሜራውን ቁም አድርጌ፣ ብቻቸውን አነሳቸዋለሁ። አንዱን ኮስተር ብለው፣ አንዱን ልጆቻቸው ከኔ ኋላ ቆመው እያሳቋቸው። ማታ እነዚህን ለብቻ ፎልደር ውስጥ አስገባቸዋለሁ፤ ስማቸውን ከነአባታቸው ልጆቻቸውን ጠይቄ እጽፋለሁ። ሮውን ሁለት ዲስክ ላይ አስቀምጣለሁ። አንዱንም 20 በ30 አሳትሜ ከአልበሙ ጋር እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ራሳቸው እንዲያዩት።